በጣሳ የማይተከል አበባ፦ አቀንጭራና የቆቦ ማሽላ

በመስከረም ወር ከወልድያ ተነሥቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው፣ በስተምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተምዕራብ የደጋውን ጋራ አጥር አድርጎ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ያገኛል። ሜዳው የማሽላ አገር ነው። በዚህ ወቅት በአንዳንዱ ማሳ ውስጥ፣ ከማሽላው እግር ሥር፣ ከሮዝ እስከ ሐምራዊ የሚደርስ ቀለም ያለው ደማቅ አበባ ፈክቶ ይታያል። አላፊ መንገደኛ «ይህንስ ነቅሎ በጣሳ ተክሎ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ነበር» ሊል ይችላል። የማሳው ባለቤት ግን አበባውን ባየ ዕለት ከምርቱ እንደ ተሰረቀ ያውቃል። የአበባው ስም አቀንጭራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ አዲስ የተክል ዝርያ እንዴት እንደሚወጣ እንመለከታለን። ይህ ርእስ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ምሳሌ የቤት ውስጥ አበባ ነው፤ እኛም ከዚያው እንጀምራለን። ከዚያ ወደ ቆቦ የምንሻገረው በቆላማው ራያ የማሽላ አዳቃዮች የሚፈልጉት የዚህን ተቃራኒ፣ ማለትም አንድ አበባ እንዳይፈካ የሚያደርግ ተክል ስለ ሆነ ነው። እኛ የፊዚክስ መምህር እንጂ የአዝርዕት ባለሙያ አይደለንም። ነገሩ የሳበን በታሪኩ መካከል አንድ የታወቀ የፊዚክስ ሕግ ቁጭ ብሎ ስላገኘነው ነው።

አንድ ቅጠል የሚበቃው አበባ

የአፍሪካ ቫዮሌት የምትባለው ትንሽ የቤት አበባ ትውልዷ ከእኛ ብዙም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 በዛሬዋ ታንዛንያ፣ በኡሳምባራ ተራሮች፣ ዋልተር ፎን ሴንት ፖል-ኢሌር የተባለ የጀርመን ቅኝ ገዥ ሹም አገኛትና ወደ አገሩ ላካት፤ በዓመቱ የዕፀዋት ሊቁ ኸርማን ቬንድላንድ ሳይንሳዊ ስም አወጣላት። በዱር የምትገኘው አበባዋ ሰማያዊ ሐምራዊ ነበር። ዛሬ ነጭ፣ ሮዝ፣ ድርብ፣ ጠርዙ የተኮማተረ፣ ሁለት ቀለም የተቀላቀለበት ሁሉ አለ።

ሥራው በመርህ ደረጃ ቀላል ነው። አዳቃዩ ከአንዷ ተክል የወንዴ ብናኝ ወስዶ በሌላዋ አበባ ላይ ያራግፋል፤ ዘሩን ይዘራል፤ ከበቀሉት ብዙ ልጆች መካከል ዓይን የሚስበውን አንድ ብቻ ይመርጣል። ከዚህ በኋላ ዕድለኛ ነው። የተመረጠችውን ተክል አንድ ቅጠል ቆርጦ በእርጥብ አፈር ቢሰካው ከቅጠሉ እግር አዲስ ተክል ይበቅላል፤ ይህም ተክል በዘረመሉ የእናቱ ግልባጭ ነው። ዘር መጠበቅ፣ ትውልድ መቁጠር የለም። አንዲት ጥሩ ተክል ካገኘ ሺህ ማድረግ ይችላል።

የማሽላ አዳቃይ ይህ ዕድል የለውም። ገበሬው የሚፈልገው በቁና የሚሰፈር፣ ሲዘራ ሁሉም እንደ ወላጁ የሚወጣ ዘር ነው፤ ቅጠል አይዘራም። በዚያ ላይ የአበባ አዳቃይ የሚፈልገውን በዓይኑ ያየዋል። በቆቦ የሚፈለገው ጠባይ ግን ከመሬት በታች፣ በሥሩ ጫፍ ላይ የተደበቀ ነው። እንዴት እንደ ተገኘ ለመረዳት በመጀመሪያ ሌባውን ማወቅ ይገባናል።

ዘር ሆኖ የሚጠብቅ ሌባ

አቀንጭራ አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ ነገር ግን ራሱን ችሎ መኖር አይችልም። ሥሩን በማሽላ፣ በበቆሎ ወይም በዳጉሳ ሥር ላይ አጣብቆ ውኃና ምግብ ይመጥጣል። ዘሩ አቧራ ነው ማለት ይቻላል። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ አይበልጥም፤ አንድ ግራም ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ዘር ይገኛል። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይበቅልና ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

እንዲህ ያለ ትንሽ ዘር ስንቅ የለውም። ከበቀለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሌላ ተክል ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ በዝናብ ብቻ አይበቅልም። እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ ለአንድ ሁለት ሳምንት ከተዘጋጀ በኋላ አንድ ምልክት ይጠብቃል፤ ምልክቱም ከሕያው ሥር የሚወጣ ኬሚካል ነው። የዚህ ኬሚካል የመጀመሪያው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ፈሳሽ ተለይቶ ስትራይጎል ተባለ፤ ዛሬ ቤተ ዘመዱ በሙሉ ስትራይጎላክቶን ይባላል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከግራም ቢሊዮንኛ ጥቂት ክፍል ብቻ ቢገኝ ዘሩን ለመቀስቀስ ይበቃል።

ጥጥ በአቀንጭራ የማይጠቃ ተክል መሆኑ ያስገርማል። ዘሩን ይቀሰቅሰዋል እንጂ አያስጠጋውም፤ የተቀሰቀሰው ዘር በረሃብ ያልቃል። ማሽላን ከጥጥ ወይም ከሰሊጥ ጋር ማፈራረቅ የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማሽላ ራሱን የሚያስጠቃ ኬሚካል ለምን ያመነጫል? መልሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ተክሉ ስትራይጎላክቶን የሚያወጣው ለአቀንጭራ ሳይሆን በአፈር ውስጥ ላሉ ጠቃሚ ፈንገሶች ነው። እነዚህ ፈንገሶች በቀጭን ክራቸው ከሩቅ ፎስፈረስ እየለቀሙ ለሥሩ ያቀብላሉ፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይከፍላቸዋል። ፎስፈረስ ሲጎድል ተክሉ ጥሪውን ያበዛል። አቀንጭራ የሌላውን ጥሪ ጠልፎ የሚሰማ ነው። በተራቆተ መሬት ላይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ የተራበ ሥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። ፍግና ማዳበሪያ ያገኘ ማሳ አቀንጭራው የሚቀንሰው ማሽላው ስለ ጠነከረ ብቻ ሳይሆን ስላልጮኸም ነው።

ዘሩ ከተቀሰቀሰ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ሥሩን አግኝቶ ይጣበቃል፣ ይበሳል፣ ይመጥጣል። ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቱ በፊት ለብዙ ሳምንታት ተሸሽጎ ይኖራል፤ የከፋውን ጉዳት የሚያደርሰውም በዚህ ጊዜ ነው። አበባው የሚታየው ስርቆቱ ካለቀ በኋላ ነውና ያን ጊዜ መንቀል የዘንድሮውን ማሽላ ብዙም አያድነውም። ዘር ሳያራግፍ ከተነቀለ የሚጠቀመው የመጪዎቹ ዓመታት ማሳ ነው።

ጥሪው ምን ያህል ይርቃል?

የፊዚክሱ ሕግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከሥሩ የወጣው ኬሚካል በአፈሩ ውኃ ውስጥ ማንም ሳይገፋው ይሰራጫል፤ የፊዚክስ መጻሕፍት ዲፊዩዥን የሚሉት ይህንን ነው። ብዙ ጊዜ ለተማሪዎች የሚሰጠው ምሳሌ ቤቱን የሚሞላው የዕጣን ሽታ ነው፤ በእኛ አስተያየት ጥሩ ምሳሌ አይደለም፤ ምክንያቱም ዕጣኑን በዋናነት የሚያዳርሰው የአየሩ እንቅስቃሴ ነው። ትክክለኛው ምሳሌ ስኳር ጨምረን ያላማሰልነው ሻይ ነው። ሻይው ቀዝቅዞም ከላይ መራራ፣ ከታች ጣፋጭ እንደ ሆነ ይቆያል። ሞለኪውሎች በየአቅጣጫው ይላተማሉ፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት የሄደው በሚቀጥለው ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህም የሚጓዘው ርቀት ካሬው እንጂ ራሱ ርቀቱ አይደለም ከጊዜው ጋር እኩል የሚያድገው። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት።

ቁጥር እናስገባበት። ይህን ለመሰለ መካከለኛ ሞለኪውል በውኃ ውስጥ የስርጭት መለኪያው በግምት በሰከንድ 0.0005 ካሬ ሚሊሜትር ነው። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። ሁለቱን ብናባዛ 43.2፣ እጥፉን ብንወስድ 86.4 ይሆናል፤ የዚህ ካሬ ሥር 9.3 ነው። በአንድ ቀን 9 ሚሊሜትር ያህል ማለት ነው፤ የትንሽ ጣት ጥፍር ስፋት። በሦስት ቀን 16 ሚሊሜትር ይደርሳል። 9 ሳንቲሜትር ለመድረስ ግን 100 ቀን ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ በንጹሕ ውኃ ነው። በአፈር ውስጥ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ሸክላው ሞለኪውሉን ይይዘዋል፤ ኬሚካሉ ራሱም ቶሎ የሚፈራርስ ነው። በተግባር ጥሪው የሚሰማው ከሥሩ በጥቂት ሚሊሜትር ዙሪያ ላለ ዘር ብቻ ነው።

ለአቀንጭራ ዘር ይህ ደካማ ጎን ሳይሆን ትልቅ ጥበብ ነው። ኬሚካሉ ዘላቂና ሩቅ ተጓዥ ቢሆን ኖሮ ዘሩ አምና በሞተ ወይም በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ባለ ሥር ተታልሎ ይበቅል ነበር። ቶሎ የሚጠፋና ሩቅ የማይሄድ ምልክት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሥር አለ፣ ሕያው ነው፣ አጠገብህ ነው።

በማስመሪያ የሚለካ ጠባይ

አሁን ወደ አዳቃዮቹ እንመለስ። ጥያቄው ጥሪው የደከመ ማሽላ ይገኛል ወይ የሚል ነበር። በወሎንኮሚ ተወልደው፣ በጅማና በአለማያ ተምረው፣ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታና ባልደረቦቻቸው መልሱን የፈለጉበት መንገድ ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ በሆነው ዘዴያቸው፣ የተዘጋጀ የአቀንጭራ ዘር ከባሕር አረም በሚሠራው አጋር የተባለ ጄል ውስጥ ተበትኖ በክብ የመስታወት ሳህን ይፈስሳል። ጄሉ ሳይረጋ አንድ የበቀለ የማሽላ ዘር ሥሩን ወደ ሳህኑ መካከል አድርጎ ይተከልበታል። ከሦስት ቀን በኋላ ሳህኑ ተገልብጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ከሥሩ ርቆ የበቀለው የመጨረሻው የአቀንጭራ ዘር የት እንዳለ በማስመሪያ ይለካል።

በጄል ውስጥ የሚያማስል የለም፤ ኬሚካሉ በስርጭት ብቻ ይጓዛል። ብዙ የሚያመነጭ ሥር ለመቀስቀስ የሚበቃውን መጠን ሩቅ ድረስ ያደርሳል፤ ጥቂት የሚያመነጭ ቅርብ ላይ ይቀራል። ርቀቱ ከ10 ሚሊሜትር ካነሰ ማሽላው ጥሪው ደካማ ነው ይባላል። የረቀቀ ኬሚካላዊ ትንታኔ የሚጠይቀው ጥያቄ በሳህንና በማስመሪያ ተመለሰ። የሳይንስ መሣሪያ እጥረት በየዕለቱ ለሚገጥማቸው ተማሪዎቻችን ይህ ዘዴ ቢታወቅ እንወዳለን።

በዚህ መለኪያ ጎልተው ከወጡት አንዱ ኤስ-አር-ኤን-39 የተባለ መሥመር ነው። ጠባዩ በአንድ ድብቅ ዘረመል የሚወረስ ሆኖ ተገኘ። ድብቅ ማለት ከእናትም ከአባትም ካልተገኘ አይገለጥም ማለት ነው። ስለዚህ ከተራ ማሽላ ጋር ሲዳቀል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ጥሪው ብርቱ ይሆናል፤ በሁለተኛው ትውልድ ከአራቱ አንዱ ብቻ ጠባዩን ያሳያል።

ከዚህ መሥመር ከተወለዱት መካከል ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ1994 8 ቶን ያህል ዘር ለበርካታ የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። በኢትዮጵያም ሁለት ዝርያዎች በ1992 ዓ.ም. ለቆላማ አካባቢዎች ተለቀቁ፤ አንዱ አብሽር፣ ሌላው ጎብዬ ተባለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብርሃን ተከተለ። ከስሞቹ አንዱን በጽሑፋችን መግቢያ ላይ በመንገዱ አልፈነዋል። ቆቦን እንደ ሙከራ ቦታ የሚጠቀመው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል በሚሠራበት አካባቢ የማሽላ ዝርያዎችን በአገር ስም መጥራት የተለመደ ይመስላል፤ የጁ፣ ራያ፣ ጊራና-1፣ ሆርማት የሚባሉም አሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

የተክሉ ምስጢር ግን የተገለጠው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የፐርዱ ተመራማሪዎች ዘረመሉን ለይተው ሲያወጡት ሥሩ ዝም ያለ አልነበረም። በጉድለቱ ምክንያት አንድ ኢንዛይም ስለማይሠራ ሥሩ አቀንጭራን አጥብቆ በሚቀሰቅሰው ስትራይጎላክቶን ፋንታ ኦሮባንኮል የተባለውን ያወጣል። ሁለቱ በአቶሞቻቸው እጅግ ይቀራረባሉ፤ ዋናው ልዩነት አንደኛው ቀለበት ወደየት እንደ ዞረ፣ ማለትም እንደ ግራና ቀኝ እጅ ያለ የአቀማመጥ ልዩነት ነው። ፈንገሱ ኦሮባንኮልንም ይሰማል። አቀንጭራ ግን እምብዛም አይሰማውም። ማሽላው ዝም አላለም፤ ሌባው በማያውቀው ቋንቋ መጣራት ጀመረ እንጂ።

ትውልድ መቁጠር

አንድ ማሽላ ሲዳቀል እጅ ብዙ ይሠራል። አበባው ወንዴውንም ሴቴውንም አብሮ የያዘ ስለ ሆነ አዳቃዩ ከእያንዳንዷ ቅንጣት ወንዴውን ክፍል በወረንጦ አውጥቶ ራሱን በወረቀት ከረጢት ይሸፍናል፤ በኋላም ከሌላው ወላጅ ብናኝ አምጥቶ ያራግፍበታል። የአበባ አዳቃይ እዚህ ላይ ሥራውን ሊያገባድድ ይችላል። የማሽላው ገና መጀመሩ ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ ልጆች ሁለቱ ወላጆች በሚለያዩበት ቦታ ሁሉ ድብልቅ ናቸው። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለ ሆነ ድብልቅነቱ በየትውልዱ በግማሽ ይወርዳል፦ በሁለተኛው 50 በመቶ፣ በሦስተኛው 25፣ በአራተኛው 12.5፣ በስድስተኛው 3 በመቶ ያህል። ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚፈርስበት ግማሽ ዕድሜ ከዚህ ሒሳብ የተለየ አይደለም፤ እዚህ የሚቆጠረው በክረምት ነው። በዝናብ ብቻ ከሆነ በዓመት አንድ ትውልድ፣ በበጋ መስኖ ካለ ሁለት። ከዚያም በተለያዩ ቦታዎችና ዓመታት መፈተን አለበት። አንድ ዝርያ ገበሬው እጅ ሲደርስ አሥር ዓመት ቢያልፍ የሚያስደንቅ አይደለም።

አገዳው

ታዲያ ጎብዬና አብሽር የቆቦን ሜዳ ለምን አልሞሉትም? በሳህን ላይ ያለፈ ዝርያ በቤተሰብ ፊት ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። የአካባቢው ነባር ማሽላዎች፣ ደጋሊትና ጅጉርቲ የመሰሉት፣ ረጃጅሞች ናቸው። በሚያዝያ ዝናብ ከተገኘ ይዘራሉ፤ ለመድረስም ረጅም ወራት ይፈልጋሉ። አዲሶቹ አጫጭርና ፈጥነው የሚደርሱ ናቸው፤ የበልጉ ዝናብ ቀርቶ በሐምሌ መዝራት ግድ ሲሆን የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ድርቅ ደጋግሞ ባጠቃው በራያ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን አጭር ማሽላ አጭር አገዳ አለው። አገዳ በቆቦ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የቤትና የአጥር ሥራ ነው። እህሉን ብቻ መዝኖ «ይህ ይበልጣል» የሚል ሠንጠረዥ የገበሬውን ሚዛን ግማሽ ብቻ ያነበበ ነው። ወፉም አለ፤ ሌላው ሳይደርስ ብቻውን የደረሰ ማሽላ የአካባቢውን ወፍ ሁሉ ይጠራል።

ዘሩም በእጅ ላይ ሳለ ይለወጣል። ማሽላ ራሱን ያዳቅላል ብንልም ጥቂቱ ብናኝ በነፋስ ከጎረቤት ማሳ ይመጣል። ጠባዩ ድብቅ ስለ ሆነ ከረጅሙ ነባር ማሽላ የተዳቀለው ልጅ መከላከያውን አያሳይም። በየዓመቱ የሚታደስ ንጹሕ ዘር ከሌለ ዝርያው ስሙን ይዞ ጠባዩን ቀስ በቀስ ያጣል። አቀንጭራም ቆሞ አይጠብቅም። ያ የሚያምር አበባው በነፍሳት አማካይነት ከሌላ ተክል ብናኝ መቀበል ግድ ይለዋል፤ ከዚህም የተነሣ ዘሮቹ እርስ በርሳቸው የተለያዩ ናቸው፤ ከመቶ ሺዎች መካከል ኦሮባንኮልን የሚሰማ ጥቂት ቢገኝ የሚበዛው እሱ ይሆናል። በአንድ መከላከያ ብቻ መታመን የማይበቃው ለዚህ ነው፤ ጠባዩ ከፍግ፣ ከማፈራረቅና ዘር ሳያራግፍ ከመንቀል ጋር ሲተባበር ይጸናል።

ስለዚህ ሌላ መንገድ አለ፤ ገበሬውን ወደ አዲሱ ዝርያ ከመሳብ ይልቅ ጠባዩን ወደ ገበሬው ማሽላ ማስገባት። ደጋሊት ከተከላካዩ መሥመር ጋር ይዳቀላል፤ ልጁ እንደ ገና ከደጋሊት ጋር፣ የልጅ ልጁም እንዲሁ። የደጋሊት ድርሻ ከ2 አንድ፣ ከ4 ሦስት፣ ከ8 ሰባት፣ ከ16 አሥራ አምስት እያለ ያድጋል። ቀድሞ ይህ አድካሚ ነበር፤ ድብቁ ዘረመል በልጁ ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ልጁን ራሱን አዳቅሎ የሚቀጥለውን ትውልድ በሳህን መፈተን ግድ ነበርና። ዘረመሉ ከታወቀበት ከ2017 ወዲህ ግን ከችግኙ ቅጠል ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በዲኤንኤ ምርመራ ማየት ይቻላል። ያልያዘው ይነቀላል፤ የያዘው አበባ ሲያወጣ ለቀጣዩ ማዳቀል ይውላል። ከአምስት ያህል መመላለስ በኋላ ተክሉ ራሱን በራሱ እንዲያዳቅል ይተዋል፤ ከአራቱ ልጆች አንዱ ረጅም አገዳ ኖሮት ሥሩ ኦሮባንኮል የሚያወጣ ይሆናል። የትኛው እንደ ሆነ በክብ ሳህን ላይ በሦስተኛው ቀን በማስመሪያ ይለያል።